አንድ ክንድ ከአራት ጣት

ዑግባድ ባሏ ከመሞቱ በፊት ካቻቢቴ በእጇ ይዛ አታውቅም። መያዝም አያስፈልጋትም ነበር። ባሏ ሳሃል ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ሱቁ በመንገዱ በኩል፣ ቤታቸው በግቢው በኩል ሆኖ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ በመሃል መጋረጃ የተጣለበት ጠባብ በር አለ። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሎቹ አጠገብ ባለው ክፍል እኖራለሁ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ የሳሃልን መዶሻ፣ የዑግባድን ሳል፣ የሁለቱንም ሳቅ ለብዙ ዓመት ስሰማ ኖሬያለሁ።

ወደ ድሬ የሚገቡት ማሽኖች አብዛኞቹ በጅቡቲ በኩል የሚመጡ አሮጌዎች ናቸው። በሰው አገር ሲያጥቡ ኖረው፣ ደክመው ነው የሚደርሱን። እዚህ ደግሞ ሙቀቱ፣ አቧራውና ኖራ የበዛበት ውሃችን ይቀበላቸዋል። መጀመሪያ የሚሸነፈው ቺንጋው ነው፤ ሞተሩን ከከበሮው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ። ይላላል፣ ይሰነጣጠቃል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። ሞተሩ ለብቻው ይጮኻል፣ ልብሱም ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ይቀራል።

አዲስ ቺንጋ እንደልብ ስለማይገኝ ሳሃል ከሞቱ ማሽኖች እየፈታ ያስቀምጥ ነበር። ቺንጋው ላይ የሚታተመው ቁጥር ግን ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ ተፍቆ ይጠፋል። ስለዚህ በራሱ ክንድ ይለካ ነበር። የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሚስማር መትቷል። ቺንጋውን ሚስማሩ ላይ ያጠልቅና እጥፍ አድርጎ ይወጥረዋል። ከዚያ ክንዱን አብሮ ያጋድማል፤ የመሃል ጣቱ ሚስማሩን ሲነካ ክርኑ ያረፈበት፣ እንጨቱ ከዘመን ብዛት የጎደጎደበት ቦታ አንድ ክንድ ነው። ከክርኑ ያለፈውን በሌላው እጁ ጣቶች ይለካል። «አንድ ክንድ ከሁለት ጣት፣» ይልና ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ዑግባድ ምሳ እየሠራች በመጋረጃው በኩል ስትሰማው ትውላለች። የኔ ባል ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ክንድ ሲቆጥር ነው የሚውለው ትለኝ ነበር። እሱም ከወዲያ ሆኖ፣ «ጨርቅማ ብነግድ አንቺ መች ታስተርፊልኝ ነበር?» ይላል።

ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይነገርም ነበር። ከሽንሌ በኩል አግብቶ ሲያመጣት አማርኛ አታውቅም፤ ከእኔና ከገበያው ለመደችው። እኔን «ኤዶ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ቀጭንና ረጅም ሴት ናት፤ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም። ሳሃል ይህን አይቶ ከሦስት የሞቱ ማሽኖች አንድ ማሽን ሠርቶ ሰጣት። አካሉ የአንዱ፣ ከበሮው የሌላው፣ ሞተሩ የሦስተኛው ነው። ሞተሩ አልገጥም ቢለው ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ በሞረድ ፍቆ አስረዘመው፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ቦታውን እንዲያገኝ። የሰፈሩ ሰው ይስቅ ነበር። «የድሬ ልጅ ናት፣ ሦስት ቋንቋ ነው የምትናገረው፣» ይሏታል ማሽኗን። ዑግባድ ግን በዚያች ማሽን፣ በባቡር ጣቢያው አካባቢ አልጋ የምታከራየውን የዛምዛምን አንሶላ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ልጆችን የሥራ ልብስ እያጠበች የቤቷን ጎዶሎ ትሞላ ነበር። ቺንጋው ባለቀ ቁጥር ሳሃል፣ «አንድ ክንድ ከአራት ጣት፣» እያለ ያወርድና ይቀይርላታል።

ከዝናብ በኋላ በመጣው ትኩሳት ሳሃል ታመመ። ብዙ አልቆየም።

የቀብሩን ነገር ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ዋርሳን ቆሞ አስፈጸመ። ዋርሳን በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና የሚያሠራ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ድንኳኑን ተከለ፣ እንግዳውን አበላ፣ ለወንድሙ ሲያለቅስም አይቼዋለሁ።

ዑግባድ ነጭ ለበሰች። በእነሱ ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም፤ ባዕድ ወንድም እሷ ብቻዋን ወዳለችበት አይገባም። ኢዳ ይሉታል። አንዳንዱ ቤት ያላላዋል፤ ሌላ ሴት ካለች፣ ችግር ካለ ምን አለበት ይላል። ዑግባድ ግን ሊያላሉላት ቢሞክሩም እምቢ አለች። የባሏ እህቶች አፍ እንዳለ ታውቃለች፤ ከዚያም በላይ ለሳሃል ልታደርግለት የቀራት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

እኔ ባለቤቴን ኒቆዲሞስን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጠዋት ጠዋት ገብቼ አብሬያት እቀመጣለሁ። ብዙ አናወራም። እሷ የታጠበውን ታጥፋለች፣ እኔ የተቀደደውን እሰፋለሁ።

ዋርሳን በየአርቡ ከሶላት በኋላ ይመጣል። የባሏ ወንድም ቢሆንም ባዕድ ነው፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ይቀርብለትና በመጋረጃው በኩል ያነጋግራታል። ከመጀመሪያዎቹ አርቦች በአንዱ እኔ ከውስጥ ነበርኩ። ልጅ የሌላት ሴት ብቻዋን በገበያ መሃል መኖር እንደማትችል፣ ኢዳዋን ስትጨርስ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቱ እንደምትሄድ፣ ሱቁንም ለስልክ ነጋዴ እንደሚያከራየው በቀስታ አስረዳት። ዋርሳን ሚስትና ልጆች አሉት። ቤቱ ከገባች በኋላ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ የሟች ወንድምን ሚስት ማግባት በእነሱ ዘንድ እንደ አደራ የሚታይ ነገር ነው። እሱ በአፉ አላነሳውም። እሷም እንዳልገባት ሆነች።

«ዋርሳን፣ እኔ ከማሽኗ እበላለሁ፣» አለችው። «ማንን አስቸገርኩ?»

ጫማው መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኛል።

«ሀዬ፣ እሺ፣» አለ በመጨረሻ። «ማሽኗ እስከዞረች ድረስ ከኢዳው በኋላም እዚሁ ሁኚ፣ አፌን እይዛለሁ። የቆመች ቀን ግን ክርክር የለም።»

«የለም፣» አለች።

በዚያው ቀን የሳሃልን የሥራ ጠረጴዛ ለሰደቃ አወጣ። ከእኛ በታች ያለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጆች መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ለነፍሱ ይሁንለት ብሎ ሰጣቸው። ዑግባድ ደስ አላት። ተሸካሚዎቹ በሱቁ በር ሲያወጡት በመጋረጃው ዳር ቆማ አየችው። በጎ ነገር ነበር። ከእኛ መካከል ከዚያ ጠረጴዛ ጋር ምን አብሮ እንደሚወጣ ያወቀ አልነበረም።

ቺንጋው የተበጠሰው ኢዳው ከተጋመሰ በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ቀን ሲያፏጭ ነበር፤ ሳሙና ቀባችው፣ ዝም አለ፣ መልሶ አፏጨ። የዛምዛም አንሶላ ውስጡ እንዳለ አንድ ነገር እንደ ጅራፍ ጮኸና ከበሮው ቆመ። ስገባ ዑግባድ ሶኬቱን ነቅላ ማሽኗን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ወንዙን ተሻግሮ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን ሀብተ ማርያም የሚባል ሽማግሌ አለ። የባቡር ጥገና ቤት ያሳደገው፣ የሳሃል ወዳጅ ነው። ልጥራው አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ወንድ ገብቶ ማሽን ሲፈታ ታየ ይባልብኝ ነው? አለች። እኔ እያለሁ ምን አለበት ብላት፣ ኤዶ፣ አንቺ ምን እንደሚባል አትሰሚም፣ በሶማሊኛ ነው የሚባለው አለችኝ።

የሳሃልን ካቻቢቴ ከሱቁ አመጣች። የማሽኗን የጀርባ ሽፋን ፈታች። ቺንጋው ተተልትሎ ክር ክር ሆኖ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ ቁራጩም ቢለካ ልኩ አይገኝም። እሷ ግን ልኩን ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት ሰምታዋለች። በተዘጋው ሱቅ ውስጥ ከግድግዳው አንድ በአንድ እያወረደች፣ በክንዷ እየለካች፣ ከአራት ጣት ጋር ልክ የመጣላትን አገኘች። ያዘችው፣ ሳመችው፣ ሊገባ ግን እምቢ አላት። አጥሯል። ክንድ ግን ክንድ ነው፤ ልኩን አልተጠራጠረችም። ጥፋቱ የሞተሩ መሰላት። ስለዚህ ብሎኖቹን አላልታ ሞተሩን በረጅሙ ቀዳዳ ወደ ላይ ገፋችው፣ አሁንም በግድ፣ ጣቷን እየላጠች ከተተችው።

ማሽኗ ዞረች። ዑግባድ ሳሃል ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ኤዶ፣ እይኝ እስቲ፣ እይኝ፣» አለችኝ፣ ደሙን ነጭ ልብሷ ላይ እንዳይነካ እጇን ከፍ አድርጋ ይዛ። እኔም ሳቅሁ። ድምፁ ከወትሮው ቀጠን ያለ፣ እንደተወጠረ ክራር ያለ ነበር። አዲስ የገባ ስለሆነ ነው አልን።

ሁለተኛውን ዙር ስታጥብ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ሶኬቱን እስክትነቅል ድረስ ክፍሉን ሞላው። ሞተሩን በመዳፏ ነካችና እጇን ሰበሰበች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዛምዛም አንሶላ ገሚሱ ገንዳ ውስጥ፣ ገሚሱ ማሽኗ ውስጥ ነው። ነገ አርብ ነው። ዋርሳን ይመጣል።

«ጥሪው፣» አለችኝ። «ግን አይገባም።»

ሀብተ ማርያምን ከሱቁ አገኘሁት። ነገሩን እስክጨርስ አልጠበቀም፤ ኮፍያውን አድርጎ ተነሣ። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ምን እንደሸተተኝ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ጎማ ነው ወይስ ቀለም ነገር? ቀለም ነገር አልኩት። የሞተሩ ሽቦ ቀለም ነው የተቃጠለው አለና ራሱን ነቀነቀ።

ግቢው ውስጥ በዋርሳን በርጩማ ላይ፣ ጀርባውን ለመጋረጃው፣ ፊቱን ለበርሜሎቹ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከውስጥ ሰላም አለችው። አዴር ነው የምትለው፣ አጎቴ እንደማለት። ነፍስ ይማር አላት፣ ቀብር ላይ ብሏት የነበረውን መልሶ። ቺንጋውን አውልቀሽ ከበሮውን በእጅሽ አዙሪ አላት፤ አዞረችው። አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ።

«ምን ያህል ነው ያስገባሽው ልጄ?»

«አንድ ክንድ ከአራት ጣት። ሳሃል ለእሷ ሁልጊዜ የሚላት እሱን ነው። ራሴ ለክቼ።»

«በማን ክንድ?»

እኔ በሩ መሃል ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ። ዑግባድ ቀኝ ክንዷን ዘርግታ፣ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ታየው ነበር።

ሀብተ ማርያም አልተቆጣትም። የሳሃል ክንድ ረጅም እንደነበር፣ በእጥፉ ሲሆን ደግሞ የሚጎድለው ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል፣ ያጠረ ቺንጋ ሞተሩን አንቆ እንደሚይዘው ነገራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መላው ቀላል ነበር፤ ሲባጎ በሞተሩና በከበሮው መዘውር ዙሪያ አዙሮ መለካት ነው። «ሞተሩን ከቦታው ነቅንቀሽዋል?» አላት። ነቅንቄዋለሁ አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። ወደ ላይ ገፍቼዋለሁ። እንግዲያው እሱም ጠፋ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን የሚነግረን ቺንጋው ነው፣ ቺንጋውን የሚነግረን ደግሞ ሞተሩ ነበር አለ፤ ሁለቱም የሉንም። እየሞከርን እናግኘው ብንል ደግሞ ይህ ሞተር ሌላ ስህተት አይችልም አለ።

ከዚያ፣ «ጠረጴዛው የታለ?» አለ። «ሚስማሩና የክርኑ ጉድጓድ ያለበት?»

ነገርነው።

አንድ ጊዜ ሳል አለና ኪሱን ዳበሰ። የሲባጎ ጥቅልል አወጣ። ለእኔ ሰጠኝ።

የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አስተማሪው ዐብዲሻኩር የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ ስቆም ልጆቹን ዝም አሰኛቸው። የምፈልገውን ሰማኝ። ጠረጴዛውን እግሮቹን አሳጥረው ዝቅ አድርገውታል፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል። ልጆቹን ከአጠገቡ አስነሣቸው። እየዳበስኩ ጉድጓዱን ፈለግሁት። ቀለሙ ሸፍኖት ለዓይን አይታይም፣ ለእጅ ግን ነበረ፤ ሰው ክርኑን ለዓመታት ያሳረፈበት፣ ሳህን መሳይ ለስላሳ ቦታ። ሚስማሩን ግን አጣሁት።

ዐብዲሻኩር አጠገቤ ተንበረከከ። ሚስማሩን እሱ ራሱ እንደነቀለው፣ የልጆቹን ልብስ እየቀደደ ስላስቸገረ እንደሆነ ነገረኝ። ባውቅ ኖሮ አለ። በጥፍሩ ቀለሙን እየቧጠጠ ቀዳዳውን ፈለገ፣ ልጆቹም ከኋላችን አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አገኘው። የሲባጎውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ቀዳዳው ላይ ያዘልኝ። እኔ ወደ ጉድጓዱ ወጠርኩት፤ ጉድጓዱ ሰፊ ነው፣ የቱ ጋ ልያዝ? ክንዴን አስተኝቼ ክርኔን አሳረፍኩበት። ጥልቅ የሆነውን ቦታ ያዝኩ። እዚያ ቋጠርኩ።

ስነሣ የኒቆዲሞስ ክንድ ስንት እንደነበር አላውቅም ብዬ አሰብኩ። ሲባጎውን ጠቅልዬ ያዝኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ስመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሀብተ ማርያም ሞተሩ አድሮ ይቀዝቅዝ፣ ነገ ነው የምንነካው ብሎ ሄደ። ዑግባድ አንሶላውን በእጇ ስታጥብ አመሸች። ልረዳት ስል እምቢ አላለችኝም። በሙቀቱ አንሶላ ማታውኑ ይደርቃል፤ ስለ እሱ አልተጨነቅንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ ጨርቅ ነጋዴ እያልኩ አሾፍበት ነበር፣» አለች። ሳሃልም ይስቅ ነበር አልኳት። አዎ፣ ይስቅ ነበር አለች።

አርብ ጠዋት ሀብተ ማርያም መጥቶ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በሲባጎው ላይ ከቋጠሮዬ ወዲያ በራሱ አራት ጣት ለክቶ ሌላ ቋጠሮ ጨመረ፤ ሳሃልና እኔ ጣታችን እኩል ነው፣ እጅ ለእጅ ስንጨባበጥ ኖረናል አለ። እኔ አሳልፌ ሰጠኋት። ቺንጋዎቹን በሙሉ አውርዳ መሬት ላይ ዘርግታቸዋለች። አንዱ ያንሳል፣ አንዱ በብዙ ያልፋል። ከመካከላቸው አንዱ ከቋጠሮው በጥፍር ያህል ብቻ አለፈ።

«በጥፍር ያልፋል አዴር።»

«በጥፍር ያለፈ ይሻላል። ያዢው።»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገራት። ሞተሩን ወደ ታች መልሺው፣ ብሎኑን ግን አታጥብቂ። ቺንጋውን መጀመሪያ በትንሹ መዘውር፣ በሞተሩ ላይ አጥልቂ። በትልቁ ላይ ጫፉን ብቻ አስይዥና በክር እሰሪው፣ ከዚያ ትልቁን በቀስታ አዙሪ፣ ራሱ ይገባል። ጣትሽን ከመሃል አውጪ። ወጥቷል ጣትሽ? ወጥቷል። አዙሪ። ሁሉንም ጀርባውን እንደሰጠ፣ በእጁ አየር ላይ እያሳየ ነበር የሚነግራት፣ ምንም እንደማታየው እያወቀ። እኔ ከመካከል ሆኜ የእሱን እጅና የእሷን እጅ አያለሁ። አንድ ዓይነት ነበር የሚንቀሳቀሱት።

ገባ። ሞተሩን አጥብቃ አሰረች። በጣትሽ ጫን በዪው፣ ምን ያህል ይገባል አላት። ትንሽ ይገባል። እንደ ጉንጭ ነው ወይስ እንደ ግንባር? እንደ ጉንጭ። እንግዲህ ሰኪው አለ።

ማሽኗ ዞረች። ያ ቀጭን ድምፅ የለም። ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሥር ሥሩን እንደሚተክዝ ሰው የሚያቃስት ነገር። ሀብተ ማርያም ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በእሷ ሊሰማ በማይችል ድምፅ፣ ሞተሩ ተጎድቷል፣ ወራት ይሠራ ይሆናል፣ ዓመት ግን አይሠራም አለኝ። ዑግባድ ከውስጥ፣ «አዴር፣ ጮክ ብለህ ንገረኝ፣» አለች። ጮክ ብሎ ነገራት።

ዋርሳን የገባው በዚህ መሃል፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ከመስጊድ ነው የመጣው፣ ሽሮ መልክ ያለው ሽርጥ ለብሷል። ሀብተ ማርያምን ጨበጠው። መጋረጃውን፣ እኔን፣ በርጩማውን አየ። ማን የት እንደተቀመጠ ሁሉ አየና ፊቱ ረጋ አለ። ከዚያ ጆሮውን ሰጠ። ዋርሳን የጭነት መኪና ሰው ነው፣ የታመመ ሞተር ያውቃል።

«ታሟል ይሄ፣» አለ።

«ይዞራል፣» አለች ዑግባድ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ማን ሠራው?»

መልስ የሰጠው ሀብተ ማርያም ነው። «እሷ ናት። እኔ በርጩማ ላይ ነው የዋልኩት።»

ዋርሳን ያለው ነገር ቢኖር፣ «እስካሁን ይዞራል፣» ነው። ሄደ።

ማሽኗ ኢዳው እስኪያልቅ ሠራች። በዚያ መካከል ያላሰብነው ነገር ሆነ። ዛምዛም አንሶላዋን ልትወስድ ስትመጣ ነገሩን ሰምታ ሄደች፤ ዛምዛም የሰማችውን ጣቢያው አካባቢ ያልሰማው የለም። ባሏ ሾፌር ሆኖ መንገድ ላይ የሚከርም፣ ቤቷ ባዕድ ወንድ ማስገባት የማትፈልግ ሴት በዚህ ሰፈር ብዙ ናት። ካፊያ የምትባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና አመጣች፤ ሌላዋ ማጠቢያዋን። ዑግባድ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ በሴቶች መካከል፣ ነጭ እንደለበሰች ቺንጋ ትቀይር ጀመር። የማታውቀውን በእኔ ስልክ ሀብተ ማርያምን ትጠይቀዋለች። ሁሉም አይሳካላትም ነበር። አንዱን ማሽን አበላሽታ ባለቤቲቱ እያለቀሰች የወሰደችበት ቀን አለ፤ በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም።

ኢዳዋን በጨረሰች ዕለት ነጩን አውልቃ ታጠበች። ከዚያ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቁርኣን ትምህርት ቤቱ ነው። አብሬያት ሄድኩ። ከደጅ ሆና ጠረጴዛውን አየችው፤ ልጆች ተደርድረውበት ያነባሉ። አልገባችም። አረንጓዴ ያምርበታል አለችና ተመለስን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተሩ ጨሰና ቆመ። ዑግባድ አልደበቀችም፤ ለዋርሳን ራሷ ደወለች። የቆመች ቀን ክርክር የለም ተባብለዋልና ክርክር ሊያደርግ አልመጣም፤ የስልክ ነጋዴውን ይዞ፣ ሱቁን ሊያስለካ መጣ። መዝጊያውን ከፍ ሲያደርግ ውስጡ የሰው ማሽን ተደርድሮ አገኘ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአንዱን ጀርባ ፈትታለች።

«ማሽንሽ ቆማለች፣» አላት።

«ቆማለች። ቃሌን አልበላም። እነዚህ ግን የሰው አደራ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዱ የት ላድርጋቸው?»

ዋርሳን አንድ በአንድ አያቸው። ሰው አደራ ብሎ የሰጠውን ዕቃ ወደ መንገድ ማውጣት እሱ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ነጋዴውን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ አናጢ ልኮ ሱቁን በኮምፖርሳቶ ለሁለት ከፈለው። ሰፊው ለስልክ ነጋዴው፣ ጠባቡ፣ ወደ ቤቷ የሚያስገባው በር ያለበት፣ ለእሷ ሆነ። ሳቢያን ያለው ክፍል ግን ተጠርጎ እንደተቀመጠ ነው። ለጊዜው ነው አለ ዋርሳን። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። የባሏ እህቶች ይመጣሉ፣ ያንን በአፍ ያልተነሣውን ነገር ዙሪያውን እየዞሩ ያነሣሉ። ዑግባድ ሻይ ታቀርብላቸዋለች፣ ታዳምጣለች። ማታ ማታ ስታስል እሰማታለሁ፤ እንቅልፍ እንደሌላት በዚያ አውቃለሁ።

ቀን ከኮምፖርሳቶው ወዲያ የስልክ ነጋዴው ሙዚቃ ይጮኻል። ወዲህ እሷ አለች። ሲባጎው ግድግዳው ላይ፣ ሳሃል ቺንጋ ይሰቅልበት በነበረው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች በእጅ ብዛት ጠቁረዋል። ቺንጋ ይዘው ሲመጡላት ከሚስማሩ ታወርደዋለች፣ ትወጥራለች፣ ያለፈውን ትለካለች፣ ከዚያም ሳሃል ይል እንደነበረው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንድ ክንድ ከሁለት ጣት፣» ትላለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። በማን ክንድ ብሎ የሚጠይቃት የለም።